የዲሴምበሩ መልስ መልስ ይሁን

ለ፦ የቅድሚያ ማመልከቻ ለሚያስተናግዱ የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ ጽሕፈት ቤቶች

ግልባጭ፦ በአሜሪካና በኢትዮጵያ ለሚገኙ የአመልካች ተማሪዎች ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ የቅድሚያ አመልካቾችን ያለ ውሳኔ ወደ መደበኛው ዙር የማስተላለፍ አሠራር እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቅበላ ኃላፊዎች፣

ይህ ደብዳቤ አንድ ተማሪ ለምን አልተመረጠም የሚል ክስ ይዞ አልቀረበም። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ደጃፍ አብዛኛው ሰው ሳይገባ እንደሚመለስ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትልም ሆነ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች አሳምረው ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ የመጡት በዲቪ ዕጣ እንደመሆኑ፣ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ዕድል ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። አቤቱታው የሚመለከተው በዲሴምበር አጋማሽ በሺዎች ለሚቆጠሩ አመልካቾች የሚላከውን፣ መቀበልንም አለመቀበልንም የማይናገረውን ሦስተኛ መልስ ነው። ይህ መልስ በተለምዶ ዲፈራል የሚባለው ሲሆን፣ ተማሪው በቅድሚያ ያስገባው ማመልከቻ ውሳኔ ሳያገኝ ከመደበኛው ዙር አመልካቾች ጋር እንደገና እንዲታይ መተላለፉን የሚያስታውቅ ነው። ደብዳቤው በአማርኛ የተጻፈውም በዓላማ ነው፤ የአሠራሩ ወጪና ጭንቀት የሚያርፍባቸው ወላጆች በጉዳያቸው ላይ የሚባለውን፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ሳይተረጉሙላቸው እንዲያነቡት ታስቧል።

የቀናቱን አቀማመጥ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በርካታ የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት በሁለት ዋና ዋና ዙሮች ነው፤ የቅድሚያው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ተዘግቶ ውሳኔው በዲሴምበር አጋማሽ ይገለጻል፤ መደበኛው ዙር ደግሞ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት ተዘግቶ ውሳኔው በማርች መጨረሻ ግድም ይሰማል፤ ተማሪው የሚገባበትን ተቋም የሚያሳውቅበት የተለመደው የመጨረሻ ቀንም ሜይ 1 ነው። የቅድሚያው ዙር ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው አስገዳጅ በመሆኑ ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ተማሪው ከተቀበሉት ወደዚያው እንደሚገባና ሌሎች ማመልከቻዎቹን እንደሚያነሣ በፊርማቸው ያረጋግጣሉ፤ ኧርሊ አክሽን የሚባለው ግን አያስገድድም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ የሚከተሉት የመካከለኛው ዓይነት፣ ገብቶ መማርን ባያስገድድም፣ ተማሪው በዚያው ወቅት በሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች የቅድሚያ ዙር እንዳያመለክት ይከለክላል። እንግዲህ በኖቬምበር በአስገዳጁ ወይም በዚህ በመካከለኛው ዓይነት አንዱን መርጦ ያመለከተ ተማሪ፣ ሌሎች በሮችን በገዛ ፈቃዱ ዘግቶ የመጣ መሆኑ በቅድሚያ ልብ ሊባል ይገባል።

እነዚህን በሮች መዝጋት የሚያዋጣ መሆኑ በጥናት ጭምር የታወቀ ነው። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ በቅድሚያ ማመልከት የሚያስገኘው ብልጫ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 100 ነጥብ ያህል ከመጨመር ጋር እንደሚስተካከል አሳይተዋል። ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተንና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የቅድሚያ ቅበላን እንደሚያስቀሩ ሲያስታውቁ የሰጡት ምክንያትም ሥርዓቱ ቀድሞውኑ ለተመቻቸላቸው ተማሪዎች ያደላል የሚል ነበር። ተፎካካሪዎቻቸው ግን አልተከተሏቸውም፤ ሦስቱም በ2011 መጸው ለሚያመለክቱ ተማሪዎች የቅድሚያውን ዙር መልሰው ከፈቱ። በኦገስት 2025 ደግሞ አስገዳጁ ዙር በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ሊኖር የሚገባውን የዋጋ ውድድር ያቀጭጫል የሚል ክስ በማሳቹሴትስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቧል። ይህ ደብዳቤ የቅድሚያው ዙር ከነጭራሹ ይቅር የሚለውን ክርክር ለባለ ክርክሮቹ ትቶ፣ ዙሩ እስካለ ድረስ በመጨረሻው የሚሰጠው መልስ ምን መሆን አለበት በሚለው ላይ ይወሰናል።

የጉዳዩን ስፋት ቁጥሮች ያሳያሉ። ሃርቫርድ በዲሴምበር 2022 ውሳኔ ከሰጠባቸው 9,553 የቅድሚያ አመልካቾች መካከል የተቀበለው 722 ሲሆን፣ ወደ መደበኛው ዙር ያስተላለፈው ከመቶ 78 ያህሉን ነበር። በአጭሩ ኤምአይቲ የሚባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በዚያው ዓመት ከቅድሚያ አመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑትን አስተላልፏል። ከአራት ተማሪዎች ሦስቱ ወይም ከሦስት ተማሪዎች ሁለቱ የሚያገኙት መልስ "ገና ነው" ከሆነ፣ ዙሩ "ቅድሚያ" የሚለውን ስም ለማን እንደያዘ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንጻሩ ስታንፎርድ በተቻለ መጠን በቅድሚያው ዙር የመጨረሻ ውሳኔ መስጠትን መመሪያው በማድረግ የሚያስተላልፋቸውን ተማሪዎች ቁጥር አነስተኛ ያደርጋል። እነዚህ ተቋማት የሚያወዳድሯቸው ተማሪዎች በውጤትም በብቃትም ተቀራራቢዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ተማሪ በመደበኛው ዙር ለሁሉም ያመለክታል። ስለሆነም አንዱ ቁርጡን ሲናገር ሌላው የሚያቆይበት ልዩነት ከአመልካቾቹ ባሕርይ የመነጨ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቶቹ ምርጫ ነው፤ ምርጫ የሆነ ነገር ደግሞ ሊስተካከል ይችላል።

መልሱ ቤት ሲደርስ የሚሆነውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተምረው ያደጉ ወላጆች የሚያውቁት የከፍተኛ ትምህርት አገባብ ፈተና፣ ውጤትና መቁረጫ ነጥብ ያለው ነው፤ ምደባውን የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ ነጥቡ የደረሰለት ይገባል፣ ያልደረሰለት ይቀራል። ያ ሥርዓት ርኅሩኅ ነው ለማለት አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ የሚዘነጋ የለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት እንኳ ላልደረሰላቸው ተማሪዎች ሪሚዲያል የተባለ የማካካሻ መርሐ ግብር ሲዘጋጅ፣ ማን እንደሚገባበትና ምን ቢያመጣ እንደሚያልፍ መስፈርቱ ተነግሯል። በዚህ ልማድ ያደጉ ወላጆች ልጃቸው በዩኒቨርሲቲው የአመልካቾች ድረ ገጽ ላይ ያነበበችውን ስትነግራቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ገባሽ ወይስ አልገባሽም? የ17 ዓመት ልጅም ራሷ በቅጡ ያልገባትን ነገር፣ እያለቀሰችም ቢሆን፣ ለእናትና ለአባቷ የማስረዳት ሥራ ይወድቅባታል። ዩኒቨርሲቲው በሁለት አንቀጽ የጻፈው ትሕትና የተሞላበት መልእክት ስንት ተማሪ እንደተላለፈ፣ ከተላለፉት ስንቱ በኋላ እንደሚገባ፣ በእሷ ማመልከቻ ላይ ምን እንደጎደለ አንዱንም ስለማይናገር፣ የምታስረዳው ነገር እንኳ በእጇ የለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁለት ሳምንታት ናቸው። መልሱ የሚሰማው በዲሴምበር አጋማሽ፣ የመደበኛው ዙር ማመልከቻ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጀመሪያ በመሆኑ፣ ተማሪው ለስምንት ወይም ለአሥር ተቋማት ተጨማሪ ድርሰቶችን መጻፍ፣ የማመልከቻ ክፍያ መፈጸምና ሰነዶችን ማስላክ ያለበት ትምህርት ቤቶች ለገና ዕረፍት በሚዘጉበት ወቅት ነው። የትምህርት ቤት አማካሪዎች የሙያ ማኅበር አንድ አማካሪ ከ250 በላይ ተማሪዎች እንዳይኖሩት ይመክራል፤ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ያለው አማካይ ቁጥር ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ያ አማካሪም በዲሴምበር 24 ቢሮው የለም። ወላጆችስ? በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩት የኢትዮጵያ ተወላጆች የበዓል ሰሞን ፈረቃ የሚበዛባቸው፣ ታክሲና ኡበር የሚነዱትም ገቢ የሚያገኙበት ሰሞን ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ለሆኑት ወቅቱ የነቢያት ጾም ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ልጁ ቀነ ገደቦቹን ገና መጨረሱ ነው። እርግጥ ነው፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ተማሪዎች የሌሎች ተቋማትን ማመልከቻ አስቀድመው እንዲያዘጋጁ ይመክራሉ፤ ምክሩም ትክክል ነው። ሆኖም ምክሩን በትክክል የሚፈጽመው በሰዓት የሚከፈለው የግል አማካሪ ያለው ተማሪ ነው፤ የሌለው ግን፣ ክፍያውም ከ75 እስከ 90 ዶላር በሚደርስበት ሁኔታ፣ አንዱ መልስ እስኪሰማ ድረስ ሌሎቹን ማቆየቱ በቤተሰቡ አቅም ሲታይ ብልህነት እንጂ ስንፍና አይደለም። ከክፍያ ነጻ የሚያደርገው ፈቃድ የሚሰጠው ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆኑ ቤተሰቦች ሲሆን፣ በሁለት ሥራ ያንን ገደብ በጥቂቱ ያለፈ ቤተሰብ ሙሉውን ይከፍላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ጣጣ ነው። በርካታ ተቋማት ኧርሊ ዲሲዥን ሁለት የሚባል፣ በጃንዋሪ የሚዘጋና ውሳኔው በፌብሩዋሪ የሚሰጥ ሁለተኛ አስገዳጅ ዙር አላቸው። በዲሴምበር የተላለፈ ተማሪ በዚህ ዙር ለሌላ ተቋም ቢያመለክትና ቢቀበሉት፣ የተላለፈውን ማመልከቻ ጨምሮ ሌሎቹን ሁሉ ማንሣት ግዴታው ነው። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ መወሰን ያለበት ነገር ይህ ነው፦ የመጀመሪያ ምርጫዬ ተስፋ እውነተኛ ስለሆነ ልጠብቅ፣ ወይስ ተስፋው የይምሰል ስለሆነ ለሁለተኛው ልፈርም? ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው አንድ መረጃ፣ ማለትም ባለፉት ዓመታት ከተላለፉት ተማሪዎች ስንቱ በመጨረሻ እንደገባ የሚያሳየው ቁጥር፣ በጽሕፈት ቤቱ እጅ አለ፤ በተማሪው እጅ ግን የለም። አስገዳጅ ፊርማ የሚጠይቅ ሥርዓት ፈራሚው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲፈርም ማድረጉ ፍትሐዊ አይደለም። ይህ አንዱ ነጥብ ብቻ እንኳ ቢስተካከል የዚህ ደብዳቤ ግማሽ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው።

የገንዘቡም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በአስገዳጁ ዙር የተቀበሉት ተማሪ የገንዘብ ድጋፉ ካልበቃው ከግዴታው ነጻ መሆን እንደሚችል ደንቡ ይናገራል፤ የበርካታ ተቋማትን የድጋፍ መጠን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማወዳደር ዕድል ግን አይኖረውም። ቤተሰቡ አስቀድሞ ወጪውን እንዲገምት በሕግ የተደነገገው የተጣራ ዋጋ ማስሊያ የሚባለው የድረ ገጽ መሣሪያ፣ በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የተሻለ ግምት ሲሰጥ፣ በራሱ መኪና ታክሲ ለሚነዳ ወይም አነስተኛ ሱቅ ላለው ሰው የሚሰጠው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። ለአገር ቤት ወላጆችና ወንድም እህቶች በየወሩ የሚላከው ገንዘብ፣ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ገቢ ቋሚ ድርሻ የሚወስድ ሆኖ ሳለ፣ የፌዴራሉ የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ፋፍሳ አያሰላውም። በ2023 ደግሞ ዘወትር ኦክቶበር 1 የሚከፈተው ይህ ቅጽ ተሻሽሎ እስኪወጣ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ዘግይቶ፣ መረጃው ለዩኒቨርሲቲዎች መድረስ የጀመረው በማርች 2024 ነበር። በዚያ ዓመት በቅድሚያው ዙር የፈረሙና የተላለፉ ቤተሰቦች፣ ቅበላውንም ዋጋውንም ሳያውቁ የአሜሪካውን ክረምት አሳልፈዋል።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ተማሪዎች ሸክም ይበልጥ ይከብዳል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያን ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በማለፉ፣ የ85 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ከ5,000 ብር በታች የነበረው ከ8,500 ብር በላይ ሆኗል፤ በዲሴምበር ተላልፎ ስምንት አዳዲስ ማመልከቻ እንዲያስገባ የሚገደድ ተማሪ ቤተሰብ ሒሳቡን ራሱ ያሰላዋል። ከጥቂት ተቋማት በቀር አብዛኞቹ የውጭ አገር ተማሪን ሲመርጡ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቁን ከግምት ስለሚያስገቡ፣ ድጋፍ ፈላጊው ከመነሻውም ዕድሉ የጠበበ ነው። የተላለፉ ተማሪዎች እንዲልኩ የሚጠየቁት የአጋማሽ ዓመት ውጤትም ከኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን ጋር አይገጥምም፤ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና የሚጠናቀቀው በጥር መጨረሻ ገደማ፣ ማለትም በፌብሩዋሪ መግቢያ ነው። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ተጨማሪ መረጃ ላኩ የሚለውን መልእክት በወቅቱ ማንበብ ራሱ ለባሕር ዳርና ለጎንደር ተማሪዎች ቀላል አልነበረም። በመጨረሻም ቢቀበሉት፣ በዲሴምበር ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ የመግቢያ ሰነዱን ለማስወጣት፣ 350 ዶላር የሆነውን የተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ ለመክፈልና የቪዛ ቀጠሮ ለማግኘት ያለው ጊዜ፣ በማርች መጨረሻ ተቀባይነት ካገኘው ከሦስት ወር በላይ ይረዝማል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ በእናንተ በኩል ያለው ምክንያትም አልተዘነጋም። በኖቬምበር የሚገኘው የአመልካች ብዛት የዓመቱ ጥቂቱ ክፍል በመሆኑ፣ መደበኛውን ዙር ሳያዩ ጠንካራ ተማሪን ማሰናበት ያሳስባል፤ በአንዳንዱ ተማሪ ላይም የአጋማሽ ዓመት ውጤት መጠበቅ ለተማሪው ይጠቅማል። ከተቀበሏቸው ውስጥ ስንቱ እንደሚገባ የሚለካው የምዝገባ ምጣኔ የሚባለው ቁጥር ስለሚያሳስባችሁም መጠባበቂያ መያዝ ትፈልጋላችሁ። እነዚህ ምክንያቶች ጥቂት ተማሪዎችን ማስተላለፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳሉ፤ ከመቶ 78 ተማሪዎችን ማስተላለፍን ግን አያስረዱም። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያቆየው ከምክንያቶቹ ይልቅ ይሉኝታ ይመስላል፦ ለቀድሞ ተመራቂዎች ልጆች፣ ለታወቁ ትምህርት ቤቶች፣ ለረጅም ጊዜ ደንበኛ ለሆኑ አማካሪዎች በዲሴምበር "አይሆንም" ማለት ስለሚከብድ፣ እምቢታውን ለማርች ማሳደር ይመረጣል። ይሉኝታ በማኅበራዊ ኑሮ መልካም ጠባይ ነው፤ በቅበላ ጽሕፈት ቤት ግን ዋጋውን የሚከፍለው ይሉኝታ የተያዘለት ሰው ሳይሆን አማካሪና ገንዘብ የሌለው ተማሪ ነው። በዲሴምበር የተነገረ ቁርጥ ያለ "አልተቀበልንም" ለሁለት ቀን ያስለቅሳል፤ ተማሪው ግን ጉልበቱንም ገንዘቡንም ሊቀበሉት ወደሚችሉት ያዞራል።

በመሆኑም የሚከተለው በአክብሮት ይጠየቃል። በመጀመሪያ፣ በመደበኛው ዙር የመመረጥ ተጨባጭ ዕድል የሌለው ማመልከቻ አይተላለፍ፤ አንባቢዎቹ በኖቬምበር ላይ የደረሱበት መደምደሚያ በማርች እንደማይለወጥ ካወቁ መልሱ ያኔውኑ ይነገር። ሁለተኛው ጥያቄ የቁጥር ነው። አብዛኞቹ ተቋማት በየዓመቱ ለሕዝብ በሚያቀርቡትና ኮመን ዴታ ሴት በሚባለው የጋራ ቅጽ ላይ፣ ስንት ተማሪ በተጠባባቂ ዝርዝር እንደገባ፣ ስንቱ ለመጠበቅ እንደተስማማና ስንቱ በመጨረሻ ተቀባይነት እንዳገኘ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ስለተላለፉ ተማሪዎች ግን ቅጹ አይጠይቅም። ይህ ክፍተት በቅጹ እስኪሞላ ድረስ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት በሚልከው የማስተላለፊያ ደብዳቤ ላይ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቁጥር፣ ማለትም ስንት እንደተላለፈና ከተላለፉት ስንቱ ተቀባይነት እንዳገኘ፣ በግልጽ ቢያሰፍር ተማሪው ስለ ሁለተኛው አስገዳጅ ዙር አውቆ ይወስናል። ኤምአይቲ በቅድሚያው ዙር ስንቱን ተቀብሎ ስንቱን እንዳስተላለፈ በየዓመቱ ይፋ ማድረጉ ነገሩ የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ደብዳቤው ራሱም ሊሻሻል ይገባል። አንዳንድ ተቋማት የቀጠለ ፍላጎትን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠብቃሉ፣ አንዳንዶቹ ምንም ባይላክ ይመርጣሉ፣ ሌሎቹ ስለዚህ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው የሚጠቅመው የውስጡን ልማድ በአማካሪ በኩል የሚያውቀውን ተማሪ ብቻ ነው። ምን እንደሚላክ፣ በስንት ገጽ፣ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት ሰነድ እንደማይነበብ በአራት ዓረፍተ ነገር ማስፈር ከባድ አይደለም። ከዚህ ጋር፣ የተላለፈ ተማሪ በኖቬምበር የፈረመው ግዴታ እንደወረደለትና በሌላ ተቋም ማመልከት ነጻነቱ እንደሆነ በማያሻማ ቃል ይነገረው፤ ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ፊርማቸውን አክብረው ሌላ ሳያመለክቱ ሊቀሩ ይችላሉ። ከኢትዮጵያና ተመሳሳይ የትምህርት ዘመን ካላቸው አገሮች ለሚያመለክቱ የአጋማሽ ዓመት ውጤት መላኪያው ቀን ቢያንስ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይራዘም፤ የገንዘብ ድጋፍ ለጠየቀ የተላለፈ ተማሪም በዲሴምበር ተሠርቶ የነበረው የድጋፍ ግምት፣ ካለ፣ ሳይጠበቅ ይገለጽለት።

ግልባጩ ለደረሳቸው ቤተሰቦች ጥቂት ቃል መጨመር ተገቢ ነው፤ ጽሕፈት ቤቶቹ እስኪያሻሽሉ ድረስ የዲሴምበሩ መልስ እንደተለመደው ይመጣልና። ማመልከቻ መተላለፉ ልጁ አንሶ መገኘቱን አያሳይም፤ መግባቱንም አያሳይም፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በዕድር ስብሰባም ለዘመድ ከመነገሩ በፊት ይህ በቤት ውስጥ በእርጋታ ቢታወቅ ልጁን ከሁለት ወገን ጥያቄ ያድነዋል። መላክ ያለበት ነገር ጥቂት ነው፦ የአጋማሽ ዓመት ውጤት በትምህርት ቤቱ በኩል፣ ከኖቬምበር ወዲህ የተገኘ አዲስ ነገር ካለም እሱን የሚገልጽ አንድ አጭር ደብዳቤ፤ ከሹማምንት፣ ከካህናትና ከታዋቂ ሰዎች የሚሰበሰብ የድጋፍ ደብዳቤ ብዛት ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ ውሳኔውን እምብዛም አይለውጠውም። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ፣ በተለይ የሚኖሩበትን ግዛት፣ ከኖቬምበር በፊት ማስገባትም የተከለከለ አይደለም፤ የሃርቫርድን መሰል ደንቦች እንኳ ይህን ይፈቅዳሉ። የጃንዋሪው አስገዳጅ ዙር ቅጽ ሲመጣ ግን ከተላለፉት ስንቱ እንደገባ ጽሕፈት ቤቱ ተጠይቆና ወጪው ተሰልቶ ካልሆነ በቀር ወላጅ አይፈርም።

የተከበራችሁ የቅበላ ኃላፊዎች፣ ከላይ የቀረቡት ጥያቄዎች አዲስ ሕግም ተጨማሪ በጀትም አይጠይቁም፤ ቁጥሮቹ በእጃችሁ ናቸው፣ ደብዳቤውንም የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ከሚቀጥለው የኖቬምበር 1 ቀነ ገደብ በፊት፣ ከቅድሚያ አመልካቾቻችሁ ስንቱን እንደምታስተላልፉና ከተላለፉት ስንቱ እንደገባ በየድረ ገጻችሁ እንድታስታውቁ፣ የማስተላለፊያ ደብዳቤያችሁንም በዚያው መሠረት እንድታሻሽሉ፣ ምላሻችሁም እንዲገለጽ በታላቅ አክብሮት ይጠበቃል።

ከአክብሮት ጋር